እስከ ሚካኤል ሞተሽ ቆይልኝ

የራሴን መርዶ የሰማሁት ሐረር፣ በምሠራበት ሆስፒታል ጓሮ፣ አንሶላ ሳሰጣ ነው።

የነገረኝ ሰው ሰይድ ይባላል። ቡሬ ተወልዶ ያደገ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ የእናቴን በርበሬ በየዓመቱ ጅጋ ገበያ ላይ የሚገዛት እሱ ነበር። ሐረር የመጣው ወንድሙ ታሞ እኛ ዘንድ ተኝቶበት ነው። በእርጥቡ አንሶላ መካከል ብቅ ስል አየኝና ወደ ኋላው አፈገፈገ።

«አስካለ?» አለ። «የወይዘሮ የኔአለም ልጅ አስካለ?»

«ምነው ወንድም ሰይድ፣ ረሳኸኝ?»

«እኔስ አልረሳሁሽም እታለም። አንች ግን ሞተሻል።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ወላሂ፣ ተዝካርሽ ላይ ነበርሁ። ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ የታረደውን በልቻለሁ። ዘመድሽ ቢያድግ ነው ያወጣልሽ። ሐረር ያለ ወታደር ነገረኝ ብሎ መርዶሽን ራሱ አረዳ። ሰውም አለቀሰልሽ።»

እጄ ላይ ያለውን አንሶላ መልሼ መዘፍዘፊያው ውስጥ ጣልሁት። «እናቴስ?»

ሰይድ በቀጥታ አልመለሰልኝም። የአገራችን ሰው ክፉ ወሬ ሲይዝ ዙሪያውን ይሄዳል። «ደህና ናቸው» አለ። «ቤቱ ሰፊ ነው። ጧት ጧት ፀሐይ ይገባዋል።»

«የቱ ቤት?»

«እማሆይ ጸዳለ መልካም ሰው ናቸው፤ በርበሬ ልሰጥ ሄጄ ነው ያየኋቸው» ብሎ መሬት መሬት አየ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እማሆይ ጸዳለ ፍኖተ ሰላም ላይ ወገን የሌላቸው ሽማግሎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት አለቃ ናቸው። እናቴ ወገን እንደሌላት ተቆጥራ መጦሪያ ገብታለች ማለት ነው።

ጊዜው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ወታደር ባሌን ተከትዬ ሐረር ወርጄ፣ እሱ ሲሞትብኝ እዚያው የቀረሁ ሴት ነበርሁ። ጾሜን የማላጓድል፣ ከሰው የማልጣላ፣ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ደጋግሜ የምውጥ። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ጅጋ አጠገብ የአባቷ ርስት የሆነ፣ ውኃ የማያጣው ጥሩ መሬት ነበራት፤ የሚያርስላት ግን አልነበራትም። ስለዚህ የሩቅ ዘመዳችንን ቢያድግን የጡት ልጅ አደረገችው።

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር የሚያርስለትና የሚቀብረው ያጣ ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፤ ልጅ ሊሆን የመጣው ደግሞ በሽማግሎችና በንስሐ አባት ፊት ያን ጣት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ከሆድ ከወጣ ልጅ አይለይም። ይጦራል፣ ይቀብራል፣ ርስት ይወርሳል። ቢያድግ ሲጠባ እኔም ከሐረር ሄጄ ነበርሁ፤ የማሩን ዋንጫ ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ። «ከእንግዲህ እህቴ ነሽ» ብሎ ጉልበቴን ስሞኛል።

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ተነሣሁ። ከድሬዳዋ በባቡር፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ። መንገዱን ሁሉ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ከጸሎቱ መጨረሻ ላይ ግን በየቀኑ አንድ ልመና እጨምር ነበር። ዓባይን ስንሻገር ሌላው መንገደኛ በሰላም አሻግረን ሲል፣ እኔ ቢያድግን በጤናው አቆይልኝ እል ነበር። ሳልደርስበት እንዳይሞትብኝ ነው።

ፍኖተ ሰላም ስወርድ በቀጥታ ወደ መጦሪያው ሄድሁ። ጣሊያን ትቶት የሄደ የድንጋይ መጋዘን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቆሰሉ አርበኞች ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ወድቀው ያዩት እማሆይ፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት መነኩሴ ሳሉ፣ መጋዘኑን ለምነው፣ ገለባ አንጥፈው ጀመሩት ይባላል። እኔ ስደርስ አርበኞቹ አብዛኞቹ ተቀብረው፣ ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞት ነበር።

ቤቱ የሚተዳደረው እንዲህ ነው። እጅ ያለው ይፈትላል፣ ዓይን ያለው ምስር ይለቅማል፣ እግር ያለው የጎመኑን መደብ ያጠጣል። አዝመራ ሲደርስ አንገቷ ላይ ደወል የታሰረላት የቤቱ አህያ በየአውድማው ትዞራለች፤ ገበሬው ደወሉን ሲሰማ ከምርቱ ላይ ያነሣላታል። ወደ ቤቱ ለመግባት ደግሞ አንድ ደንብ አለ። የሚገባው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ በራሱ አፍ፣ «ወገን የለኝም» ማለት አለበት፤ ያመጣውም ሰው ይመሰክራል። እማሆይ በዚህ ላይ ድንጋይ ናቸው። «ልጅ ያለውን ብቀበል የምጦረው ልጁን ነው» ይላሉ። ወገን ያለው ከተገኘ በማግስቱ ይወጣል።

ይህን የሰማሁት ገና በሩ ላይ ቆሜ፣ በበረኛው አፍ ነው። እናቴን ፍለጋ መጣሁ ልል ከፍቼው የነበረውን አፌን ዘጋሁ።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ እማሆይ ሲወጡ።

«ከሩቅ ነኝ እማሆይ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ለበረከት ባገለግል ብዬ ነው። ልብስ ማጠብ እችላለሁ።»

እጄን አዩት። ሳሙና የበላው እጅ አይዋሽም መሰለኝ፣ «ግቢ» አሉኝ።

እናቴን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል አገኘኋት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እንዝርቷን አላቆመችም።

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

«አየሁሽ።» ክሩን እስከ መጨረሻው ስባ ጠቀለለችው። ከዚያ «እጅሽን ስጭኝ» አለች። ልጅ ሳለሁ እሳት የበላኝን ጠባሳ አንጓዬ ላይ ዳሰሰችው። «ይሞቃል» አለች። «የሞተ ሰው እጅ አይደለም። ቢያድግ ማቅ አስለብሶ ነው እኮ ያስቀመጠኝ አስካለ። አርባሽን ቆጥሬልሻለሁ።»

የቀረውን በትንሽ በትንሹ ነገረችኝ። ከተዝካሩ በኋላ የቢያድግ ሚስት ከጓዳ አስወጣቻት። ቢያድግ ጠበል ላድርስሽ ብሎ በበቅሎ ጭኖ አመጣትና እዚህ ደጃፍ ላይ፣ «ወገን የለኝም ካላልሽ አይቀበሉሽም፤ እኔም መልሼ አልወስድሽም» አላት። ለእማሆይ ደግሞ «መንገድ ላይ ወድቀው ያገኘኋቸው ምስኪን ናቸው» ብሎ መሰከረ።

«አልሁት» አለች። «ልጄ ከሞተች ምን ወገን አለኝ ብዬ አልሁት። አፌ አልዋሸም፤ ልቤም አልዋሸም። የዋሸ እሱ ነው።»

«ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ። አስቀድሜ ግን ጅጋ ሄጄ በሩ ላይ እጮኻለሁ።»

«በሩ ላይ ብትጮሂ የሚሰማሽ ውሻው ነው። እብድ መጣች ብሎ ይዘጋብሻል።»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«ዝም አላልሁሽም። ሙች ነው ያልሁሽ። እስከ ሚካኤል ሞተሽ ቆይልኝ።»

ቢያድግ አጥቢያ ዳኛ ለመሆን ደጅ እየጠና ነበር። ደግነቱ እንዲታይለት የኅዳር ሚካኤልን የመጦሪያውን ግብር በሬ አርዶ እኔ አበላለሁ ብሏል። የጅጋ ሽማግሎች፣ ማሩን ሲጠባ ምስክር የነበሩት የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ፣ ሁሉም ይመጣሉ። በቤቱ ልማድ ደግሞ ግብሩን ያበላ ሰው ነጠላውን አደግድጎ እያንዳንዱን ጧሪ የለሽ በእጁ ያጎርሳል።

«እኔንም ሊያጎርሰኝ ነው» አለች እናቴ። እንዝርቷን አሾረችው። «ማር ፈልጊልኝ። ጥቂት ይበቃል።»

እንግዲህ እናቴ አጠገብ፣ እናቴን እንደማላውቅ ሆኜ ሰነበትሁ። አንሶላ የለም፤ የማጥበው ጋቢና ቀሚስ ነው። የእሷን ቀሚስ ሳጥብ ከሌላው አላስበልጥም ነበር፤ ሰው ያያል። በቤቱ ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ የቅኔ መምህር የነበሩ፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ በምርኩዛቸው ድንጋዩን እየነኩ መጥተው ተቀመጡ።

«የሞተ ሰው እንዲህ ልብስ ሲያጥብ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«አትፍሪ። ከግንቡ ወዲያ ተቀምጣችሁ ስትንሾካሾኩ እኔ ዓይኔ ነው እንጅ የጠፋው ጆሮዬ አለ። ለመሆኑ ፍትሐትሽ ላይ ዜማው እንዴት ነበር? ቄስ አድማሱ ድምፃቸው ጥሩ ነው ይባላል።»

«አልሰማሁትም የኔታ።»

«ያሳዝናል» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ለማን እንደሚናገሩ ሳላውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

የበዓሉ ዋዜማ ከቢያድግ ዘንድ ሰው መጣ። እማሆይ ደጃፍ ላይ ሲያነጋግሩት ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር፤ ሰማሁት። የታመሙትና የጃጁት ዳሱ ውስጥ ባይቀርቡ፣ በየመኝታቸው ምግቡ ቢደርሳቸው ይሻላል ይላል። «በተለይ እኒያ ከመንገድ የተነሡት አሮጊት አእምሯቸው ልክ አይደለም፤ በእንግዳ ፊት እንዳይበጠብጡ።»

እማሆይ ጥቂት አሰቡ። «ሰጭው እሱ ነው» አሉ። «የኔአለም ከመኝታዋ ትብላ።»

ቢላዋው እጄ ውስጥ ነበር። በሥላሴ ስም እላችኋለሁ፣ ጅጋ ድረስ በእግሬ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ያስቀረኝ የየኔታ ድምፅ ነው።

«እማሆይ፣ እሷ ካልመጣች እኔም አልመጣም።»

«ምነው የኔታ?»

«ገበታ ላይ እጄን የምትመራኝ የኔአለም ናት። ያለሷ የጎረቤቴን እንጀራ በልቼ በሚካኤል ቀን ሌባ ልባል?»

እማሆይ ሳቁ። «እሽ፤ ከመጨረሻው ላይ አብራችሁ ተቀመጡ።»

በማግስቱ ዳሱ ሞላ። የጅጋ ሽማግሎች ከላይ፣ ቄስ አድማሱ መካከል፣ የቤቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ተደረደሩ። ቢያድግ አዲስ ነጠላ አደግድጎ፣ ወዝ ጠግቦ፣ ጎንበስ ቀና ይላል። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ የማስታጠቢያ ውኃ ይዤ ከኋላው ሆንሁ። እጁን ላስታጥበው ስል አላየኝም። ውኃ የምታፈስ ሴት ፊት ማን ያያል? ጣቶቹ መካከል ሳፈስለት፣ ይህ እጅ ነው አፈር ያለበሰኝ እያልሁ ነበር።

እያጎረሰ ወረደ። «ይብሉ አባቴ፣ ይብሉ እናቴ» ይላል። ሽማግሎቹ ይመርቁታል፤ ከላይ የተቀመጡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ የኔታ ጋ ደረሰ፣ አጎረሳቸው። እናቴ ጋ ሲደርስ ፈጠን ብሎ ጉርሻውን ዘረጋ።

እናቴ አፏን አልከፈተችም። ከቀሚሷ ሥር ማር ያመጣሁላትን ትንሽ የቀንድ ዋንጫ አወጣች፣ አውራ ጣቷን ነከረች፣ ወደ አፉ ዘረጋችው።

«በመጀመሪያ አንተ ጥባ ልጄ። ከዚያ እበላለሁ።»

በአቅራቢያው ያለው ሁሉ መብላቱን አቆመ።

«እማማ፣ ተሳስተዋል» አለ ቢያድግ። ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጃጅተዋል፤ ምን ይደረግ።»

«ምን ይዛ ነው?» አሉ የኔታ ጮክ ብለው።

«ማር» አለ አንድ ሰው።

«ጠባ?»

የኔታ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«እኔ ዕውር ነኝ፤ አላይም። ያየ ሰው ይንገረኝ። ጠባ ወይስ አልጠባም?»

«አልጠባም» አለ ከበሩ አጠገብ የነበረ ገበሬ።

ቄስ አድማሱ ከመካከል ተነሡ። እናቴን ከሩቅ አላወቋትም ነበር፤ ቀርበው አዩዋት። «የኔአለም? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ይህ ልጅ ባሕር ዳር ለሕክምና ወስጃታለሁ አላለንም?»

ቢያድግ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ምላሱ ግን አልተሳሰረም። «አባቴ፣ ሳላሳውቃችሁ ቀርቼ ነው። የጡት እናቴ ናቸው፤ አልክድም። ልጃቸው አስካለ ከሞተች ወዲህ አእምሯቸው ተነካ። እኛንም አላውቅም አሉ። አስካለን እንደ እህቴ አልቅሼ፣ ተዝካሯን ያወጣሁ እኔ አይደለሁም? እናንተስ አልበላችሁም?»

ሰዎቹ ወደ እሱ ማዘንበል ጀመሩ። አየሁት። አንዱ ሽማግሌ «እውነት ነው፤ ደንበኛ ተዝካር ነበር» አለ።

«ደንበኛ ነበር» አለች እናቴ። ጣቷ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ ማሩ እየተንጠባጠበ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። «እንግዲያስ ቢያድግ፣ እጅህን ያስታጠበችህን ጠይቃት። እሷም ልትመሰክርልህ ትችላለች።»

ነጠላዬን አወረድሁ።

ዞሮ አየኝ። ምን እንደመሰለ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፊቱ ምንም አልመሰለም። ባዶ ሆነ። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን አንሥተው አማተቡና ቀስ ብለው፣ «ፍትሐቷን እኔው አድርሻለሁ እኮ» አሉ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ስትስቅ ተሰማ።

«እንደምን ሰነበትህ ወንድሜ» አልሁት። ለዓመታት ስውጠው ከኖርሁት ቃል ሁሉ የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው። በቅቶኛል።

ያን ጊዜ ቢያድግ ያደረገውን የነበረ ሁሉ አይረሳውም። ወደ ሽማግሎቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ድፍት ብሎ ተንበረከከና፣ «ልጥባ እማ፣ ልጥባ» እያለ አፉን ወደ እናቴ ጣት ሰደደ።

እናቴ እጇን ሳበች። አውራ ጣቷን ራሷ አፍ ውስጥ አስገብታ፣ ሳትቸኩል፣ ማሩን ላሰችው።

«አሁንስ?» አሉ የኔታ።

«ራሷ ላሰችው» አለ ያው ገበሬ።

«ጣፋጭ ነው» አለች እናቴ።

በማግስቱ ሽማግሎቹ እዚያው ተቀምጠው ፈረዱ። ጥባ ሲባል በሰው ፊት እምቢ ያለ ልጅነቱን በራሱ አፍርሷል፤ ርስቱን ይልቀቅ ተባለ። በአጥቢያ ዳኝነቱም ሌላ ሰው ተሾመ። የጽዋ ማኅበሩም ጽዋ አላቀብለውም አለ። ጅጋ ገበያ ላይ ልጆች ሲያዩት አውራ ጣታቸውን መጥባት ጀመሩ፤ ይህን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያስተማራቸውን ግን እግዚአብሔር ይባርከው። ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ነቅሎ ጠፋ።

እማሆይ ደንባቸውን አላጠፉም። «የኔአለም ልጅ አላት፤ ትወጣለች» አሉ። እናቴ ግን ሐረር አልሄድም፣ አገሬ ላይ ነው የምቀበረው አለች። ከሽማግሎቹ ፊት ዋንጫውን እንደገና አንሥታ ጣቷን ወደ እማሆይ ዘረጋች። «መሬቱን ለቤቱ ሰጥቻለሁ፤ አስካለም ፈቅዳለች። ቤቱ ይጡረኝ፣ ቤቱ ይቅበረኝ። ደንብሽ ጧሪ ያለውን አታስገቢ ይላል እንጅ እናትሽን አስወጭ አይልም።» እማሆይ ዋንጫውን አዩ፣ ሽማግሎቹን አዩ። ከዚያ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ጠቡ። እናቴ እዚያው ኖራ፣ እዚያው ደብር ተቀበረች። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ሄጄ አብሬያት ውያለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ያ ቀን ጠባዬን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ የምናገረውን አልውጥም። አንድ ሰው ዘመዴ ነው ሲል አፉን ሳይሆን አጎራረሱን አያለሁ። የንስሐ አባቴ ቢያድግን ይቅር በይው ይሉኛል፤ ሞቷል እኮ፣ ነፍሱን ማሪለት ይሉኛል። እጸልይለታለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ግን አልልም፤ ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። ያን ቀን ሲንበረከክ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልናዘዝሁትም፤ ንስሐ ልገባበት ብፈልግ ጸጸቱን አጣሁት።

ዝም ብዬ በኖርሁ ነበር። አሁን ግን እዚህ ሐረር ድረስ ሌላ ወሬ መጣልኝ። የእናቴ መሬት በደርግ የመሬት አዋጅ ጊዜ ሲወሰድ የውኃ ጉድጓድ ያለበት ቁራሽ ለቤቱ ቀርቶለት ነበር፤ ጧሪ የለሾቹ ጎመናቸውን የሚያበቅሉት እዚያ ላይ ነው። የቢያድግ ልጆች ያን መሬት የሰጠው አባታችን ነው እያሉ ነው አሉ። በኅዳር ሚካኤል ዳስ ላይ ስሙ በበጎ አድራጊነት ይጠራልን፣ በሩም ላይ ይጻፍልን ብለዋል። እማሆይ የሉም፣ የኔታ የሉም፣ ቄስ አድማሱም የሉም። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ዓባይን አያሻግረኝም።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ዳስ ውስጥ የነበራችሁን፣ ልጅ ሆናችሁ ከእናታችሁ ጉልበት ሥር ተቀምጣችሁ ያያችሁትንም፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ለየኔታ የመለሰላቸውንም ገበሬ፣ በሕይወት ካለ፣ እለምናችኋለሁ። ለሚካኤል ሂዱ። ስሙ ሲጠራ ተነሡ። ጠብ አታንሡ፣ አትጩኹ። የሚጠይቃችሁ ቢገኝ እንደዚያን ቀኑ መልሱለት፦ አልጠባም።